ስለ ትሬምፒስቱ መጽሐፍ አንባቢዎቻችን ምን አሉ?

በዚህ ዓምድ በየጊዜው አንድ መጽሐፍ እያነሣን ከእናንተ ጋር መወያየታችን የታወቀ ነው። የዛሬውን መጽሐፍ ግን የመረጥነው እኛ አይደለንም፤ አንዲት እናት ናቸው ያስመረጡን።

እኚህ እናት ከልጆቻቸው ጋር ወደ አገር ከገቡ ጥቂት ዓመታቸው ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው ከትምህርት ቤቱ ሲፍሪያ የዕብራይስጥ መጽሐፍ ተውሶ ያመጣና ማታ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ብቻውን ይስቃል። «ምን አገኘህ?» ሲሉት «እማዬ፣ ብነግርሽም አይገባሽም» ይላቸዋል። ሴትዮዋ መጥተው እንዲህ አሉን፦ «ቋንቋውን በማወቁስ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ልጄ በምን እንደሚስቅ ካላወቅሁ ልጄን ምኑን አወቅሁት? እስቲ ይህን መጽሐፍ እዩልኝ።»

አየንላቸው። እኛም አነበብነው፤ ዕብራይስጥ የለመዱ ወጣቶች ለወላጆቻቸው በአማርኛ እየተረጎሙ እንዲያነቡላቸው አደረግን፤ ከዚያም ቅዳሜ ሰንበት ከወጣ በኋላ ቡና ተፈልቶ በየቤቱ የተባለውን ሰበሰብን። አስተያየቱ እንዲህ ይለያያል ብለን አልጠበቅንም ነበር።

በመጀመሪያ ስለ መጽሐፉ ጥቂት እንበል። በዕብራይስጥ «ማድሪኽ ሃትሬምፒስት ላጋላክሲያ» ይባላል። «ማድሪኽ» መንገድ መሪ ወይም መምሪያ ማለት ነው። «ትሬምፕ» የሚለውን ደግሞ እዚህ አገር መንገድ ዳር ቆሞ ጣቱን ወደ አስፋልቱ ቀስሮ መኪና የለመነ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ በከዋክብት መካከል መኪና እየለመነ ለሚጓዝ መንገደኛ የተዘጋጀ መምሪያ እንደ ማለት ነው። ደራሲው ዳግላስ አዳምስ እንግሊዛዊ ሲሆን በ1952 ተወልዶ በ2001 በ49 ዓመቱ አርፏል። ታሪኩ መጀመሪያ በ1978 በቢቢሲ ሬዲዮ በተከታታይ የቀረበ ቀልደኛ ድራማ ነበር፤ በ1979 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። በ2003 ቢቢሲ የእንግሊዝ ሕዝብ አብልጦ የሚወደውን ልብ ወለድ በድምፅ እንዲመርጥ ባደረገ ጊዜ አራተኛ ወጥቷል። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው፤ ይሁን እንጂ እንደ ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት መጻሕፍት በጠፈር ጦርነት አያስፈራራም፤ ያስቃል።

ታሪኩ የሚጀምረው በአንድ ተራ ሰው ቤት ነው። አርተር ዴንት የሚባል እንግሊዛዊ አንድ ቀን ጧት ሲነሣ ቡልዶዘር ደጁ ላይ ቆሞ ያገኛል። ለካ በቤቱ ላይ አዲስ መንገድ ሊያልፍ ተወስኗል። ሰውየው በሌሊት ልብሱ ወጥቶ ቡልዶዘሩ ፊት ጭቃ ላይ ይተኛል። ሹሙም ለምን በጊዜው አልተቃወምክም፣ ዕቅዱ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ቆይቷል ይለዋል። እውነት ነው፣ ይፋ ሆኗል፤ የሆነው ግን መብራትም ደረጃም በሌለው ምድር ቤት፣ አገልግሎት ባቆመ ሽንት ቤት ውስጥ፣ በተቆለፈ የፋይል ሣጥን ነው። በሩም ላይ ከነብር ተጠንቀቁ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎበታል።

ይህን ክፍል ሲሰሙ ያልሳቁ ወላጆች ጥቂቶች ናቸው። አንድ የሰባ ዓመት አዛውንት አባት ሳቃቸውን ሲጨርሱ እንዲህ አሉን፦ «እኔ ነብሩንም አይቼዋለሁ። ከመስኮቱ ጀርባ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል።» ነገሩ እንዲህ ነው፤ እኚህ አባት አንድ ጉዳይ ነበራቸው። መስሪያ ቤቱ በዕብራይስጥ ደብዳቤ ይልክላቸዋል። ደብዳቤው ፖስታ ሣጥናቸው ውስጥ ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር ተቀላቅሎ ይሰነብታል፤ የሚያነብላቸው የልጅ ልጅ በጦር ሠራዊት ነው። ቶር ይዘው ፓኪዱ ዘንድ ሲደርሱ «የመቃወሚያው ቀን አልፏል፤ አሳውቀንዎታል» ይላቸዋል። በመጽሐፉም የአርተር ቤት ጉዳይ ገና ሳይቋጭ ቮጎን የሚባሉ የጠፈር ሹማምንት መጥተው ምድርን በሙሉ ለጠፈር አውራ ጎዳና ያፈርሷታል። የሰው ልጅ ቢጮህ፣ ዕቅዱ እኮ አልፋ ሴንታውሪ በሚባለው ኮከብ ዘንድ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተለጥፎ ነበር ይሉታል። አዛውንቱ እዚህ ላይ ሲደርሱ «ይኸው ደብዳቤዬ!» አሉ። ቮጎኖች ክፉዎች እንዳይመስሏችሁ፤ ያለ ፊርማና ያለ ቶፌስ የገዛ አያታቸውን እንኳ ከአውሬ አፍ የማያስጥሉ የወረቀት ሰዎች ናቸው።

አርተርን የሚያተርፈው ፎርድ የሚባል ወዳጁ ነው። እንግሊዛዊ መስሎ የኖረ የሌላ ፕላኔት ሰው ኖሮ፣ ከቮጎኖች መርከብ በአንዱ ላይ ትሬምፕ ይይዙና ያመልጣሉ። በጉዞው ከሚገጥማቸው ሁሉ በቤተሰቦቻችን ዘንድ ብዙ የተወራው ዓሣው ነው። ትንሽ ቢጫ ዓሣ ነች፤ ጆሮ ውስጥ ከገባች የማንኛውንም ፍጡር ቋንቋ ታሰማለች። በኡልፓን የሚማሩ አንዲት ሴት «አንዷን አምጡልኝና ግሡን ሁሉ ልርሳው» ብለዋል። ፎጣውም አለ። መጽሐፉ መንገደኛ ከሁሉ በፊት ፎጣ ይያዝ ይላል፤ ይደረባል፣ ይነጠፋል፣ ፊት ይሸፈንበታል። «ይህማ ጋቢ ነው» አሉ አንድ አባት፤ እኛም ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘንለትም። ደራሲው በሞተበት በ2001 የተጀመረ ልማድ አለ፤ መጽሐፉን የሚወዱ ሰዎች በየዓመቱ ሜይ 25 ቀን ፎጣ ይዘው ይወጣሉ። በዚያ ቀን አንድ ፈረንጅ ፎጣ በትከሻው ጥሎ አውቶቡስ ሲሳፈር ብታዩ ከባሕር የመጣ አይምሰላችሁ።

ያልወደዱትንም መስማት ይገባል። የሠራዊት አገልግሎቱን የጨረሰ አንድ ወጣት «ታሪክ የለውም፤ አንዱ ቀልድ ሳያልቅ ሌላው ይመጣል፤ መጨረሻውም መጨረሻ አይደለም» ብሎናል። እውነቱን ነው። በሬዲዮ በየሳምንቱ እንዲሰማ የተጻፈ ነገር ወደ መጽሐፍ ሲዞር ስፌቱ ይታያል። አዳምስ ሥራውን በቀጠሮው ባለማስረከብ የታወቀ ሰው ነበር። ራሱ ሲናገር አሳታሚዎቹ መጠበቅ ሰልችቷቸው፣ የጀመርከውን ገጽ ጨርስና አስረክበን እንዳሉት ይገልጽ ነበር። ስለዚህ መጽሐፉ አያልቅም፣ ይቆማል። ቀጣዩ በ1980 ወጣ፤ እስከ 1992 ድረስ አምስት ሆኑ። ከእኩሌታው በኋላ ወሬው እንደሚላላ እኛም አይተናል። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ከተጓዦቹ መካከል ሴት ያለችው አንዲት ብቻ መሆኗንና እሷም የረባ ሥራ እንዳልተሰጣት ታዝባለች። አንድ የሃይማኖት ሰው በዓሣዋ ምክንያት በእግዚአብሔር መኖር ላይ የተቀለደውን ቀልድ አልወደዱም። ደራሲው በፈጣሪ እንደማያምን በግልጽ የተናገረ ሰው ነበርና ይህን ወላጆች ቀድመው ቢያውቁት ደግ ነው። 42 ስለሚለው ቁጥር የጠየቃችሁን ልጆችም አላችሁ፤ አንድ ግዙፍ ኮምፒዩተር የሕይወትን ታላቅ ጥያቄ ሰባት ሚሊዮን ተኩል ዓመት አስቦ የሰጠው መልስ ነው። ጥያቄው ምን እንደነበረ ግን የሚያውቅ የለም። ቀልዱ ይኸው ነው፤ ምሥጢር አትፈልጉበት።

ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ የአንድ አባት ነው። ወንድሞቻቸው እስካሁን ጎንደር ሆነው ተራ ይጠብቃሉ። «ምድር ከነሰዉ ጠፋች፤ ሰውየው ሻይ ይፈልጋል! ይህን ለልጅ ማንበብ ነውር ነው። አገሩ ለጠፋበት ሰው የሚለቀስ እንጂ የሚሳቅ የለም» አሉን። ይህን ቃል ቀላል አድርገን አላየነውም። ለሁለት ሳምንት ያህል፣ ይህን መጽሐፍ በዓምዳችን ማውጣት ይገባናል ወይ ብለን እርስ በርሳችን ተከራክረናል።

የለወጠን አንድ ገጽ ነው። አርተር በመርከቡ ውስጥ ሆኖ ምድር እንደጠፋች ለራሱ ሊነግር ይሞክራል። ወላጆቹና እኅቱ እንደሞቱ ያስባል፤ ምንም አይሰማውም። የቅርብ ሰዎቹን ሁሉ ያስባል፤ ምንም። ከሁለት ቀን በፊት በገበያ አዳራሽ ወረፋ ከኋላው የቆመለትን አንድ የማያውቀውን ሰው ሲያስብ ግን ድንገት ልቡን ይወጋዋል። እንደገና ይሞክራል። አሜሪካ ጠፋች፤ አእምሮው አይቀበለውም። ኒውዮርክ ጠፋች፤ ምንም። እንዲህ እያለ ሄዶ ሄዶ ከእንግዲህ የማክዶናልድ ሀምቡርገር የሚባል ነገር እንደማይኖር ሲያስብ ራሱን ይስታል።

ይህን ገጽ የዚያች እናት ልጅ ለእናቱ ሲያነብላቸው እኛም ነበርን። ልጁ እየሳቀ ነው የሚያነበው። በአንዳንዱ ቃል ላይ ይቆማል፤ አማርኛው ይጠፋበታልና እናትየው ያቀብሉታል። ሀምቡርገሩ ጋ ሲደርስ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ገባሽ እማዬ? እናቱ ሞታ ዝም ያለ ሰውዬ በሀምቡርገር ራሱን ሳተ!»

እናትየው አልሳቁም። ጥቂት ቆይተው እንዲህ አሉ፦ «እኔም ስንመጣ አውሮፕላኑ ውስጥ አላለቀስኩም። እኅቴን ተሰናብቼ ስወጣ እንኳ እንባ እምቢ አለኝ፤ ሰዉ ሁሉ ታዘበኝ። እዚህ በገባን በሦስተኛው ወር ግን ሱቅ ዱቄት ልገዛ ሄጄ በከረጢት ተደርድሮ ሳየው፣ ወፍጮ ቤት ከፊቴ ተራ እየያዘች የምትቆም አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ። ስሟን እንኳ አላውቀውም። እዚያው ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ዘበኛው ውሃ አመጣልኝ።»

ልጁ ይህን ከዚያ በፊት ሰምቶ አያውቅም ነበር። ዝም አለ።

«ከዚያስ ሰውዬው ምን ሆነ?» አሉት።

ወደ መጽሐፉ ተመለሰና ቀጣዩን አነበበ። አርተር ከአንድ አፍታ በኋላ ሲነቃ ስለ እናቱ እየተንሰቀሰቀ ራሱን ያገኘዋል። ልጁ ይህን በአማርኛ ሲተረጉም ድምፁ ዝቅ አለ። ስንት ጊዜ ያነበበው ገጽ ነው፤ ከሀምቡርገሩ ቀጥሎ ያለውን ቃል ግን እስከዚያ ቀን ልብ አላለውም ነበር።

የጎንደሩን አባት አስፈቅደን ይህንኑ ገጽ አነበብንላቸው። መጽሐፉን አሁንም አልወደዱትም። «ይህች ገጽ ግን ደኅና ናት» ብለውናል፤ ቃላቸውን እንዳለ አስፍረነዋል።

መጽሐፉን ማንበብ ለምትፈልጉ፣ ዕብራይስጡ ከባድ መሆኑን አስቀድመን እንነግራችኋለን። ደራሲው የፈጠራቸው ቃላት በመዝገበ ቃላት አይገኙም፤ ስለዚህ ለኡልፓን አሌፍ ተማሪ ብቻውን አይሆንም። ልጆቻችሁ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ምዕራፎች በአማርኛ እየነገሩ ያንብቡላችሁ፤ ቃል ሲጠፋባቸው እናንተ አቀብሏቸው። እስከ መጨረሻው ባትደርሱም ብዙ አልቀረባችሁም።

ልጁ መጽሐፉን ወደ ሲፍሪያው መልሷል። በማግሥቱ እናቱን አንድ ነገር እንደጠየቃቸው ነግረውናል፦ ያቺ የወፍጮ ቤቷ ሴት ምን ዓይነት መልክ ነበራት?