ሦስቱም እዚሁ ተወለዱ፤ ማሊያው ግን የሦስት አገር ነው

ነሐሴ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ የሴቶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ ነበር። ወርቁን ሲፋን ሐሰን ለኔዘርላንድስ፣ ብሩን ቃልኪዳን ገዛኸኝ ለባሕሬን፣ ነሐሱን ለተሰንበት ግደይ ለኢትዮጵያ ወሰዱ። ሦስቱም የተወለዱት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው።

እኛ የላስታ ሰዎች ያን ሰሞን የምናስታውሰው በሌላ ነገር ነው። ከውድድሩ ሁለት ቀን በፊት፣ ሐምሌ 29፣ ላሊበላ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገብታ ነበር። በዚያው ሳምንት አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ለብሳ ሜዳሊያ ያመጣችው ደግሞ የትግራይ ልጅ ናት። "ለአገሩ የሮጠው ማን ነው? የከዳውስ?" የሚለውን ክርክር በብሔር መነጽር ለማየት የሚቸኩል ሰው ይህቺን ቀን ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

አትሌት ማሊያ ቀየረ በተባለ ቁጥር ሁለት የተዘጋጁ መልሶች አሉን። አንዱ ወገን "ለገንዘብ ተሸጠ" ይላል፤ ሌላው "ገፍተው አስወጡት" ይላል። ሁለቱም የጅምላ ፍርድ ናቸው። ሲፋን በ15 ዓመቷ በስደተኛነት ኔዘርላንድስ የገባች ልጅ ናት፤ ያኔ ለሜዳሊያ ብሎ የገዛት የለም። ዘነበች ቶላ መጀመሪያ ስዊዘርላንድ ጥገኝነት ጠይቃ ነበር። በኋላ ነው ማርያም ዩሱፍ ጀማል ተብላ ለባሕሬን በ2007 እና በ2009 እ.ኤ.አ. የ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው። አዲግራት የተወለደችው አበባ አረጋዊ በለንደን ኦሎምፒክ ለኢትዮጵያ ሮጣ፣ በዓመቱ ሞስኮ ላይ ለስዊድን ወርቅ ወሰደች። ቃልኪዳን ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. ዶሃ ላይ፣ ገና በ18 ዓመቷ፣ በቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና የ1,500 ሜትር ወርቅ ለኢትዮጵያ ያመጣች ናት። ይቺኛዋ በእጃችን ነበረች።

መሄዱም እንደሚወራው ቀላል አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። እናቱ ቤት ሲመጣ በቢጫ ካርድ ወይም በቪዛ ነው። የዓለም አትሌቲክስም በ2017 እ.ኤ.አ. ዝውውሩን አግዶ፣ በቀጣዩ ዓመት በጠበቀ ደንብ ከፈተው፤ ከ20 ዓመት በታች ያለ አትሌት አገር መቀየር አይችልም፣ የቀየረም ሦስት ዓመት መጠበቅ አለበት። ለሯጭ ሦስት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ሯጮች ያውቁታል።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቀ ለምን ይሄዳል? ገንዘብ አለበት፣ አልክድም። ግን ሌላም አለ። በኦሎምፒክ አንድ አገር በአንድ የሩጫ ዓይነት የሚያሰልፈው ሦስት ሰው ነው። እኛ ጋ አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ የሆነው ልጅ በብዙ አገር አንደኛ ይሆናል። ስለዚህ በእኛ አገር ከመሮጡ እኩል የሚከብደው መመረጡ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ያለው ልዩነትም የፀጉር ያህል ቀጭን ነው። ታምራት ቶላ ለፓሪስ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲወጣ ገባ፤ 2:06:26 ሮጦ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ወርቅ አመጣ። መራጮቹን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሳው። አራተኛው ሰው "ለምን አራተኛ ተባልኩ?" ብሎ ሲጠይቅ በወረቀት የሚሰጠው መልስ ሊኖር ይገባል ለማለት ነው።

ለቶኪዮ ማራቶን ፌዴሬሽኑ ሰበታ ላይ በ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ አደረገ። ቀነኒሳ በቀለ፣ በርሊን ላይ 2:01:41 የሮጠው ሰው፣ አካሄዱን ተቃውሞ አልተሳተፈም፤ ከቡድኑም ውጪ ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለፓሪስ፣ በ41 ዓመቱ፣ ተመረጠ። ማጣሪያም ሰዓትም የየራሳቸው ደጋፊ አላቸው። አሜሪካኖቹ በማጣሪያቸው፣ ሚኒማውን እስካሟላ ድረስ፣ ቀድሞ የገባውን ሦስት ሰው ይወስዳሉ፤ ስመ ጥሩ ሰው ቢወድቅም ወደቀ ነው። ጨካኝ መንገድ ነው፤ ግን ማንም ምክንያቱን ፍለጋ አይሄድም።

እኛ ጋ ምክንያት ፍለጋው ነው የሚገድለን። ዝርዝር በወጣ ማግስት ፌስቡክ ላይ የሚቆጠረው ሰዓት ሳይሆን ስም ነው፤ ከኦሮሚያ ስንት፣ ከአማራ ስንት፣ ከትግራይ ስንት። የአርሲው ልጅ ሲቀር "በብሔሬ" ይላል፤ የጎጃሙ ሲቀርም እንደዚያው፤ የማይጨውም እንዲሁ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ትክክል ሊሆኑ አይችሉም። ግን መስፈርቱ አስቀድሞ ባልተጻፈበት ቦታ ማንኛቸውንም "ተሳስተሃል" ብሎ ማሳመን አይቻልም። እንዲህ ያለ አገር ውስጥ ብሔር የሁሉም ነገር ማብራሪያ ይሆናል።

ደቡብ አፍሪካ ይህን በሌላ መልክ አይታዋለች። የክሪኬት ቦርዷ በ2016 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ቡድኑ በአማካይ ስድስት ነጭ ያልሆኑ ተጫዋቾችን፣ ከእነሱም ሁለት ጥቁር አፍሪካውያንን እንዲይዝ ግብ አስቀመጠ። በማግስቱ ዓመት ካይል አቦትና ራይሊ ሩሶ ብሔራዊ ቡድኑን ትተው ከእንግሊዙ ሃምፕሻየር ክለብ ጋር ፈረሙ። ክርክሩ "ኮታው ነው ያባረራቸው" እና "ፓውንዱ ነው የጠራቸው" በሚል ተከፈለ። ኮታውን መደገፍም መቃወምም ይቻላል፤ ቁም ነገሩ ቁጥሩ የተጻፈ መሆኑ ነው። ሰው የሚከራከረው ከሚታይ ነገር ጋር ነው። እኛ የተጻፈ ኮታ የለንም፤ ጥርጣሬው ግን ኮታ ካለው አገር ይብሳል።

ይህ ለላስታ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖራል። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አቡነ ዮሴፍ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ከፍታ እኛም አለን። በቆጂ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያፈራችው ግን በአየሯ ብቻ አይደለም፤ ሥንታየሁ እሸቱ የሚባል አሰልጣኝ ስለነበራት ጭምር ነው። የእኛ ልጅ አሰልጣኝ ቢያገኝ እንኳ ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ክልል እያለ መታየት አለበት፤ መንገዱ በጦርነት ሲዘጋ ዓመቱ ያልፍበታል። አዲስ አበባ ክለብ ውስጥ የሚያውቀው አጎት የለውም። ደንብ የሚጠቅመው ከማንም በላይ እንዲህ ያለውን ልጅ ነው። ዘመድ ያለው ሰው ያለ ደንብም ይኖራል።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ለሎስ አንጀለስ 2028 የእያንዳንዱ ርቀት መስፈርት ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ታትሞ ይውጣ። ማጣሪያ ከሆነ ቀኑና ቦታው፣ ሰዓት ከሆነ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚቆጠር ይጻፍ። የአሰልጣኙ ውሳኔ የሚገባበት ቦታ ካለም "እዚህ ላይ አሰልጣኙ ይወስናል" ተብሎ ይገለጽ። ቅሬታ የሚሰማው አካል ደግሞ የመረጠው ኮሚቴ ራሱ አይሁን፤ መልሱንም አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ይስጥ።