240 ኸርዝ ለማን ነው?

ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ የሚገባ ሸማች ዋጋ መከራከርን የሚያስተምረው አያሻም። የጌም ሞኒተር ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ካርቶኑ ላይ 144 ወይም 240 የሚል ቁጥር ታትሟል፤ ደላላው ቁጥሩን ይጠራል፤ ገዥው በቁጥሩ ልክ ይከፍላል። ለመሆኑ የሚሸጠው ምንድን ነው?

ኸርዝ ስክሪኑ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ምስሉን ስንት ጊዜ እንደሚያድስ የሚገልጽ መለኪያ ነው። በ60 ኸርዝ አንዱ ምስል 16.7 ሚሊ ሴኮንድ ይቆያል፤ በ144 ወደ 6.9፣ በ240 ወደ 4.2 ይወርዳል። ከ60 ወደ 144 የተሸጋገረ ወደ 10 ሚሊ ሴኮንድ የሚጠጋ ያተርፋል፤ ከዚያ ወደ 240 የወጣ ግን 3 እንኳ አይሞላለትም። ኢኮኖሚስቶች እየቀነሰ የሚሄድ ርካታ የሚሉት ይኸንኑ ነው። ጌም ቤት ለመክፈት ያሰበ ባለሀብት ደግሞ አስቀድሞ ማሽኑን ይመልከት። ፕሌይ ስቴሽን 4 ለሞኒተር ከ60 በላይ አይሰጥም፤ ፕሌይ ስቴሽን 5 እስከ 120 ይደርሳል፤ ያውም ጨዋታው ሲፈቅድ። በእነዚህ ፊት 240 መደርደር ለማይመጣ እንግዳ እንደ መደገስ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ድግሱ ውድ ነው።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ግን በፓኔሉ ነው። ቪኤ የሚባለው ጥቁር ቀለሙ የጠለቀ ቢሆንም፣ ርካሾቹ በጨለማ ትዕይንት ላይ ጥላ ይጎትታሉ። አይፒኤስ ከየአቅጣጫው ጥሩ ይታያል፤ ጥቁር ምስል ላይ ግን ጠርዙ ይገረጣል። ይህን ጉድለት የድሬዳዋ የቀትር ፀሐይ በገባበት ሱቅ ውስጥ ማንም አያየውም! ገዥው የሚያየው ማታ ቤቱ ገብቶ መብራት ሲያጠፋ ነው።

የሞተ ፒክስልም አለ። እ.ኤ.አ በ2001 የወጣውና በ2008 በሌላ የተተካው አይኤስኦ 13406-2 የተሰኘ ደረጃ፣ በሁለተኛው ምድብ በሚሊዮን ፒክስል 2 ጭራሽ የማይበሩ ነጥቦችን ይፈቅድ ነበር። ፉል ኤችዲ ስክሪን ከ2 ሚሊዮን በላይ ፒክስል ስላለው፣ 4 ጥቁር ነጥብ ይዞ “ደህና ነው” ሊባል ይችል ነበር ማለት ነው።

ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ገዥው ማወቅ ካልቻለ ለሁሉም ዕቃ የመካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። ያኔ ከገበያ የሚወጣው ጥሩ ዕቃ የያዘው ነጋዴ ነው። ስለዚህ መጋረጃ የተጋረደበት ጨለማ ጥግ ማዘጋጀት፣ ስክሪኑን በጥቁር፣ በነጭ፣ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ምስል ማስፈተሽ፣ በደረሰኝ ላይም የሦስት ቀን መመለሻ መጻፍ ለሸማቹ ውለታ አይደለም፤ ለነጋዴው የራሱ ጥቅም ነው። አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ያለ ደረሰኝ ለገዛ ግን ክርክሩ ከባድ ነው።