ጳጉሜን የልጆች ትሁን

ወዳጆች፣ ነሐሴ ሲያልቅ በየቤቱ የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ። «ክረምቱ አለቀ፤ የት ወሰዳችሁን?» ይላሉ ልጆች። ወላጅ መልስ አያጣም፤ ዝናቡ፣ ሥራው፣ የኑሮ ውድነቱ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባው። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ዛሬ መከራከር የፈለግኩት ከጥያቄው በስተጀርባ ካለው እምነት ጋር ነው። ልጅ ማዝናናት ማለት ሐዋሳ ወይም ላንጋኖ መውረድ፣ ካልሆነም በገበያ ማዕከል ውስጥ በሰዓት ከፍሎ መጫወቻ ቤት ማስገባት ነው የሚል እምነት አለን። ይህ እምነት ሁለት ዓይነት ቤተሰብ ይጎዳል። አቅም ያጠረው «ዘንድሮም አልሆነም» ብሎ ቁጭ ይላል። አቅም ያለው ደግሞ አንድ ቅዳሜ ወጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ፎቶውን ለጥፎ የዓመቱን ግዴታ የተወጣ ይመስለዋል።

እኔ የምለው፣ ልጆቻችን ከሁሉ በላይ የራባቸው እኛ ወላጆች በየቀኑ የምንመላለስባት ከተማ ናት።

እስቲ የአንድ የአዲስ አበባ ልጅን ክረምት እናስበው። ጠዋት የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት። ከዚያ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቴሌቪዥን። ከሰዓት በኋላ ዝናብ። ማታ የእናት ወይም የአባት ስልክ። ታች ያለው ግቢ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ሰፈር ሲፈርስ የድሮ ጎረቤት በየአቅጣጫው ተበትኗል፤ ስለዚህ «እነ እገሌ ቤት ሄደህ ተጫወት» የሚባልበት በር የለም።

እኛ ከተማውን ያወቅነው በመላላክ ነበር። ሱቅ ተልከን፣ ዳቦ ቤት ተሰልፈን፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዘን። ያንን ማንም መዝናኛ ብሎ አልጠራውም፤ እኛም እያጉረመረምን ነበር የምንሄደው። ግን ሒሳብ ያስተማረን፣ ከማናውቀው ሰው ጋር መነጋገር ያስለመደን፣ መንገድ ጠፍቶብን ጠይቀን እንድንመለስ ያደረገን እሱ ነው። ዛሬ ዘይቱንም ዳቦውንም ወላጅ ከሥራ ሲመለስ ይዞት ይገባል። ልጅ ዕቃው ሲገባ እንጂ ከየት እንደመጣ አያይም። አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶት ብቻውን ታክሲ ተሳፍሮ የማያውቅ፣ ባለሱቅ ፊት ሲቆም ድምፁ የሚጠፋበት ልጅ እያሳደግን ነው። ለእኔ የሚያሳስበው ይህ ነው።

ስለዚህ ጳጉሜንን ለልጆች እንስጣት።

ጳጉሜን ደመወዝ የማይከፈልባት ወር መሆኗን ደመወዝተኛ ሁሉ ያውቃል። አምስት ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ትሆናለች። በቅርብ ዓመታት መንግሥት ለእያንዳንዷ ቀን ስያሜ ሲሰጥ እያየን ነው። እኛም በየቤታችን አንድ ስያሜ ብንጨምርላት የሚከለክለን የለም። ከሥራ ፈቃድ ውሰዱ አላልኩም። በእነዚህ ቀናት ለዘመን መለወጫና ለትምህርት ቤት መክፈቻ የግድ የምንወጣባቸው ጉዳዮች አሉ። ለእነዚያ ጉዳዮች ስንወጣ የአንድ ልጅ እጅ ይዘን እንውጣ። ሐሳቤ ይኸው ነው።

ለምሳሌ ወፍጮ ቤት። ለበዓል በርበሬ ይፈጫል፣ ጤፍ ይፈጫል። ልጁ እህሉ ሲመዘን፣ ከላይ ሲገባ፣ ከታች ትኩስ ዱቄት ሆኖ ሲወርድ ይይ። ባለወፍጮው ከጸጉሩ እስከ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ሲያየው ይስቃል፤ የበርበሬው ሲጀምር ደግሞ ያስነጥሰዋል። እንጀራ ከፍሪጅ ወይም ከሱቅ የሚመጣ ለሚመስለው ልጅ ይህ ትልቅ ጉዞ ነው።

ከዚያ መርካቶ። ደብተርና ቦርሳ፣ ጫማና ዩኒፎርም መግዛታችን አይቀርም። በጀቱን ለልጅቷ ንገሯት። «ያለን ይህን ያህል ብር ነው፤ ደብተሩም ቦርሳውም ከዚህ ነው የሚወጣው» በሏትና ራሷ ታከፋፍለው። ዋጋ ትጠይቅ፣ ትከራከር፣ ሦስት ሱቅ ታነጻጽር። አሥር ብር ያስቀነሰች ቀን ያንን ቦርሳ እንዴት እንደምትይዘው ታያላችሁ። ጊዜ ከተረፋችሁ ምናለሽ ተራ ጎራ በሉ። አሮጌ በርሜል ተቆርጦ ሲቀጠቀጥ፣ የተጣለ ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ ሆኖ ሲወጣ ያሳያችኋል። ስለ ፈጠራ በመጽሐፍ ከሚነበበው ይልቅ እዚያ አሥር ደቂቃ መቆም ይበልጣል።

ዶሮ የሚገዛ ደግሞ ሾላ ይወርዳል። እናቶቻችን ዶሮዋን አንሥተው በእጃቸው ይመዝኗታል፣ ደረቷን ዳሰስ ያደርጋሉ። ይህን ዕውቀት ማን ይወርሰዋል? ልጁም ያንሣት። ብትፈራገጥበትና ብትለቀቅ ዓመቱን ሙሉ የሚወራ ታሪክ አገኛችሁ ማለት ነው።

መንገዱም ራሱ ጨዋታ አለው። ታክሲ ውስጥ ሒሳቡን ልጁ ይክፈል፣ መልሱን ይቁጠር፣ መውረጃው ሲደርስ «ወራጅ አለ!» የሚለው እሱ ይሁን። ከአያት ጦር ኃይሎች ያለው የቀላል ባቡር መስመር ሥራ ከጀመረ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ እኛ መጨናነቁን ብቻ ነው የምናወራው፤ ለስድስት ዓመት ልጅ ግን ባቡር ባቡር ነው። መስኮቱ ጋ አስቁሙት፣ የፌርማታዎቹን ስም እያነበበ ይሂድ።

ጉዳያችሁ በአምስት ኪሎ በኩል ካሳለፋችሁ ብሔራዊ ሙዚየም አንድ ሰዓት ስጡት። በ1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። ቁመቷ ግን ከአንድ የአምስት ዓመት ልጅ ብዙም አይበልጥም። ትንሹን ልጃችሁን አጠገቧ አቁሙትና ያወዳድር፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ መመለስ የእናንተ ፈንታ ነው። ወደ ሽሮ ሜዳ ለአገር ልብስ የምትወጡ ደግሞ ትንሽ ቀጥሉና እንጦጦ ድረሱ። ጉሙ ሲገለጥ ከተማው ከታች ይዘረጋል። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡት እዚያው እንጦጦ ማርያም መሆኑን፣ ቤተ መንግሥቱ በኋላ ወደ ታች ወደ ፍል ውሃው አካባቢ መውረዱን ንገሯቸው። ከዚያ «የእኛ ቤት በየት በኩል ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰፈሩን ከላይ ሆኖ የፈለገ ልጅ ከተማውን የራሱ ያደርጋል።

ገንዘብ ጭራሽ የማይጠይቅም አለ። ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል ዕለት ዝናብ ከጣለ ልጆች ወጥተው ሲጠመቁበት የኖሩበት ልማድ ነው። ጉንፋን ይይዛቸዋል ብላችሁ በር አትዝጉ፤ ፎጣና ትኩስ ሻይ አዘጋጅታችሁ ጠብቁ። የእንቁጣጣሽ ሥዕልም አለ። ከሱቅ የታተመ ፖስት ካርድ ከምትገዙላቸው ወረቀትና ቀለም ስጧቸው፤ ሥለው ለአያት፣ ለአክስት፣ ለጥበቃው ጋሼ ያድርሱ። አደይ አበባውንም ከመንገድ ዳር ከሚገዙት ሜዳ ላይ ወጥተው ቢለቅሙት ይመረጣል፤ የከተማው ዳር አሁንም አላለቀም።

«ልጅ ይዤ ስወጣ የአንድ ሰዓቱ ጉዳይ ሦስት ሰዓት ይፈጅብኛል» የሚል ወላጅ አለ። ልክ ነው፣ ይፈጃል። ሽንቱ ይመጣል፣ ጫማው ጭቃ ውስጥ ይገባል፣ ያየውን ሁሉ ግዙልኝ ይላል። ልጅን ሲወዱ እስከነ ንፍጡ ነው። ለዚህ ነው ሁሉንም ልጆች በአንዴ አትጎትቱ የምለው። ለአንድ ጉዳይ አንድ ልጅ ይበቃል። ሌላም ጥቅም አለው። ቤት ውስጥ ከታላቁና ከታናሹ ጋር ሲሻማ ያልተናገረውን መንገድ ላይ ይናገራል። መምህሩ ያስፈራራው እንደሆነ፣ ጓደኛው አኩርፎት እንደሆነ፣ አዲሱ ክፍል ፈርቶ እንደሆነ የምትሰሙት ጎን ለጎን ስትሄዱ ነው። ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ «ምን ሆነሃል?» ብትሉት «ምንም» ነው የሚላችሁ።

ግርግሩንና ሌባውን የሚፈራም አለ፤ ፍርሃቱ አይናቅም። ስልክ ቁጥራችሁን አስጠኑት፣ ብትጠፋፉ የት እንደምትገናኙ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ የዋዜማውን ዕለት ተዉትና በጳጉሜን መጀመሪያ በጠዋት ውጡ። መጠንቀቅ ያስተምራል፤ መደበቅ ግን ምንም አያስተምርም።

አባቶች ሆይ፣ ይህ ለእናንተም ነው። የበዓል ሸመታ በአብዛኛው ቤት የእናት ሸክም ነው። እሷ ሥራ ውላ፣ ገበያ ሮጣ፣ ልጅም ትያዝ ማለት ግፍ ነው። ከአምስቱ ቀን ቢያንስ ሁለቱን እናንተ ያዙ። መኪናችሁን ጋራዥ የምታሳዩ ከሆነ እንኳ ልጅቷን ውሰዷት፤ ካቻቪቴ ስታቀብል ትዋል።

አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ደስ አይለኝም። በዚህችው ከተማ ክረምቱን ሙሉ ጫማ ሲጠርግ፣ ሶፍትና ማስቲካ ሲሸጥ የከረመ ልጅ አለ። እሱ ከተማውን ከእኛ ልጆች ይልቅ ያውቃታል፤ የጎደለው እጁን ይዞ አብሮት የሚሄድ ሰው ነው። ልጆቻችንን ይዘን ስንወጣ እሱንም ያዩታል። ስሙን ይጠይቁት፣ ስለሚማርበት ክፍል ይጫወቱ፤ ደብተር ስንገዛ ለእሱም ቢተርፍ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ከአራተኛ ፎቅ ሆኖ ይህን ልጅ ማየት አይቻልም።

ላንጋኖ የቻለ ይሂድ፤ ምቀኝነት የለብኝም። ያልቻለ ግን «ክረምቱ ባከነ» ብሎ አይዘን። ጳጉሜን ገና እጃችን ላይ ናት። የወፍጮ ቤቱ ወረፋ አለ፣ የመርካቶው ጉዳይ አለ፣ የዶሮው ግዢ አለ። መሄዳችን ላይቀር ብቻችንን አንሂድ።

እናንተስ ዘንድሮ የትኛውን ልጅ ይዛችሁ ወዴት ልትወጡ አስባችኋል? ከታች ጻፉልን፤ ለሌላውም ወላጅ ሐሳብ ይሆናል።

መልካም አዲስ ዓመት!