ገበያው ጸጥ አለ ማለት ሥራው ተሠራ ማለት አይደለም

ኮር ዊሊያም ውስጥ አንድ ሰው ራሱን ስቶ ሲጮህ ወይም በቦዳ ቦዳ መሀል ሲሮጥ ከሁሉ አፍ የሚወጣው ቃል አንድ ነው፤ «መጅኑን!» ከዚያ ፖሊስ ይጠራል። ሰውየው ይነሳል፣ ሰፈሩ ጸጥ ይላል፣ «እግዜር ይስጣቸው» ይባላል። እኛ በዚህ ምስጋና አንስማማም። ሰውየው የት ደረሰ? ማን ጠየቀ?

አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሪፖርት፣ ወንጀል ያልሠሩ የአእምሮ ሕሙማን ጁባ ማዕከላዊ እስር ቤት እንደሚታሰሩ ጽፏል። በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ስፔሻሊስቶች ሁለት፣ በጁባ ቲቺንግ ሆስፒታል የነበረው የአእምሮ ክፍል አልጋ ደግሞ 12 ነበር። ያውም በዲሴምበር 2013 እና በጁላይ 2016 በጥይት ውስጥ ላለፈ ከተማ! እኛ «አማኑኤል ይወሰድ» ሲባል ሰምተን ያደግን ነን፤ እዚህ አማኑኤል የለም።

የአገሩ የ2008 የወንጀል ሕግ ደግሞ ራስን ለማጥፋት መሞከርን ወንጀል ያደርገዋል። ገመድ ላጠለቀ ሰው ፖሊስ መጥራት ማለት እንግዲህ ይህ ነው። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተመሳሳዩን አንቀጽ በጃንዋሪ 2025 ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎታል። ከሞምባሳ ዘይትና ሳሙና ብቻ ሳይሆን ይህም በኒሙሌ ቢገባልን ጥሩ ነበር።

ፖሊስ ይመዘን ስንል ስንት ሰው እንደያዘ ይቆጠር ማለታችን አይደለም። መጨረሻው ብቻ ይታይ ማለታችንም አይደለም። ነጋዴ ይህን ይረዳዋል። ዶላር በአንድ ሳምንት ሲወጣ ያተረፈ ሁሉ ጎበዝ አይደለም፤ መኪናው መንገድ ላይ ተገልብጦበት የከሰረም ሁሉ ሰነፍ አይደለም። ፖሊስም እንዲሁ ነው። አንዱ እየጮኸ፣ መሣሪያ ደቅኖ ይገባና በዕድል ማንም ሳይጎዳ ይወጣል። ሌላው ሁሉን በሥርዓት አድርጎም ሰውየው ራሱን ይጎዳበታል። መጨረሻውን ብቻ የሚያይ አለቃ የመጀመሪያውን ያመሰግናል፣ ሁለተኛውን ይቀጣል። የቀሩት ፖሊሶች ከዚህ ምን እንደሚማሩ አስቡት።

ስለዚህ መመዝገብ ያለበት ፖሊሱ ያደረገው ነው፣ ከነክብደቱ። ሌሊት ነበር? ሕዝብ ከቦ ነበር? ሰውየው ቢላ ይዞ ነበር? ይህ ከተጻፈ በኋላ፦ ፖሊሱ ራቅ ብሎ ቆመ? ድምፁን ዝቅ አደረገ? ስሙን ጠየቀው? ዓረብኛ የማይሰማ ከሆነ ቋንቋውን የሚችል ሰው ፈለገ? (አማርኛም ትግርኛም የሚችል ከሱቃችን አይጠፋም፤ ይጠሩን።) ዘመድ አስጠራ? የት አደረሰው?

አሜሪካ ውስጥ የሜምፊስ ከተማ ፖሊስ በ1987 አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ ወጣት ከገደለ በኋላ፣ በ1988 ለእንዲህ ያለ ጥሪ የሚሠለጥን ቡድን ተቋቋመ፤ ሥልጠናው 40 ሰዓት ነው። ደግ። ነገር ግን ሠለጠነ ማለት ሰርተፊኬት አለው ማለት ነው፤ መንገድ ላይ እንዴት እንደሠራ ሰርተፊኬቱ አይነግረንም። እኛም ዲፕሎማ አለን፤ ቆጠራ የምንሠራው ግን በዕቃው እንጂ በዲፕሎማው አይደለም።

«ደመወዝ ለወራት በሚዘገይበት አገር የምን ምዘና ነው?» የሚሉን አሉ፣ ከራሳችን ነጋዴዎችም ጭምር። ደመወዙማ ይከፈል! ጦሙን ከሚውል ሰው ትዕግሥት መጠበቅ ግፍ ነው። እኛ የምንጠይቀው ግን ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ደብተሩ ደግሞ ለመክሰስ ብቻ አይደለም። ከታመመ ሰው ጎን ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ አባብሎ ቤቱ ያደረሰ ፖሊስ፣ ዛሬ ያ ሥራው የትም አይጻፍለትም፤ ጊዜ አባከንክ ቢባል የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

በሰፈራችን ከፖሊስ ጋር ስብሰባ ሲጠራ ስለ ሌባና ስለ ማታ ጥበቃ ብቻ አናውራ። ባለፈው ወር ራሳቸውን ስተው ከተወሰዱት ስንቱ ሆስፒታል፣ ስንቱ እስር ቤት፣ ስንቱ ቤቱ ገባ? ብለን እንጠይቅ። መልስ ከሌለ በሚቀጥለው ወርም ያንኑ ጥያቄ ይዘን እንመለስ።