የባሕር ኃይልና የነጋዴው ሒሳብ

ባሕር በብዙ ጠረፎች በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይሸሻል። ይህን የሚያደርገው የጨረቃና የፀሐይ ስበት በመሆኑ፣ የሚመጣውን ዓመት ሙላት ሰዓቱንና ከፍታውን ከወዲሁ አስልቶ በሠንጠረዥ ማተም ይቻላል። ነፋስ ሲወድ ይነፍሳል፣ ሳይወድ ያርፋል፤ ፀሐይም በደመና ትሸፈናለች፤ የባሕር ሙላት ግን ቀጠሮውን አያፈርስም። ቀጠሮውን የሚያከብር ደንበኛ ምን ያህል የተወደደ እንደ ሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ከባሕር እንቅስቃሴ የኤሌክትሪክ ኃይል ማውጣት የመሐንዲሶች ጕዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ ገንዘብ የሚያበድረው ባንክ፣ ዕቃ የሚያቀርበው ነጋዴና ዋስትና የሚሰጠው ኢንሹራንስ የሚነጋገሩበት ሥራ ሆኗል።

የጽሑፋችን አሳብ አጭር ነው። ይኸውም በባሕርና በፍጥረታቱ ላይ የሚደርሰው ጕዳት ከሥራው በፊት በሒሳብ መዝገብ የሚገባ ወጪ ሊሆን ይገባዋል ለማለት ነው። ለዚህም ማስረጃ ይሆኑ ዘንድ ሦስት ታላላቅ ሥራዎችን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው በፈረንሳይ አገር በሴን ማሎ ከተማ አጠገብ፣ በራንስ ወንዝ አፍ ላይ የተሠራው ነው። በዚያ ስፍራ በሙላትና በሽሽት መካከል ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት በአማካይ 8 ሜትር ያህል ነው። በ1966 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ደጎል መርቀው የከፈቱት ይህ ግድብ 750 ሜትር ርዝመትና 24 ተርባይኖች ሲኖሩት፣ ኃይሉ 240 ሜጋዋት ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያገለግል የኖረ ከመሆኑም በላይ፣ በአናቱ ላይ የሚያልፈው መንገድ ሴን ማሎንና ዲናርን አገናኝቷል። ለሥራው የወጣው ገንዘብ ብዙ ቢሆንም፣ ለማገዶ የሚከፈል ሳንቲም የለምና ዕዳው ካለቀ በኋላ ኃይሉ በርካሽ ዋጋ ይገኛል።

ነገር ግን መዝገቡ ሁለተኛ ገጽ አለው። ግድቡ በሚሠራበት ጊዜ ከ1963 እስከ 1966 ዓ.ም. የወንዙ አፍ ከባሕሩ ተለይቶ ተዘግቶ ነበር። በዚህ ምክንያት የውሃው ጨዋማነት ቀነሰ፤ ደለል ተከማቸ፤ በዚያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ የባሕር ፍጥረታት አለቁ። ኑሮው ተመልሶ እስኪረጋ ድረስ ዐሥር ዓመት ያህል ፈጀ፤ የተመለሰውም እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ አንዳንዱ የዓሣ ዘር ሲጠፋ ሌላው በቦታው ተተካ። ይህ ኪሳራ በግንባታው ሒሳብ ላይ አልታየም፤ የተሸከመው ግን የወንዙ አፍና ከእርሱ የሚኖረው ሰው ነው።

ሁለተኛው በካናዳ አገር በኖቫ ስኮሺያ የሚገኘው የአናፖሊስ ጣቢያ ነው። የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ሙላት በአንዳንድ ስፍራ እስከ 16 ሜትር ስለሚደርስ፣ በዓለም ከሚታወቁት ሁሉ ከፍተኛው ነው። በዚሁ ባሕረ ሰላጤ ዳር በ1984 ዓ.ም. 20 ሜጋዋት የሚያመነጭ አንድ ተርባይን ሥራ ጀመረ። ከወንዝ ወደ ባሕር፣ ከባሕርም ወደ ወንዝ የሚመላለሱ ዓሦች በተርባይኑ ውስጥ ሲያልፉ የሚደርስባቸው ጕዳት ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ቆየ። በ2019 ዓ.ም. መኪናው በብልሽት ምክንያት ቆመ። መንግሥቱም ዓሣን ለሚጐዳ ሥራ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል ባለ ጊዜ፣ ባለቤቱ ጣቢያውን እንደ ገና ከማስነሣት መዝጋትን መረጠ። እንግዲህ ዓሣው በመጀመሪያው ቀን በመዝገብ ባይጻፍም፣ ከ35 ዓመት በኋላ ሒሳቡን ጠይቋል ማለት ነው።

ሦስተኛው ከነዚህ ጋር ሲነጻጸር እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በደቡብ ኮሪያ በሲህዋ፣ ንጹሕ የመስኖ ውሃ ለማግኘት ተብሎ በ1994 ዓ.ም. 12.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ግንብ በባሕር ላይ ተሠራ። ነገር ግን የፋብሪካና የከተማ እድፍ መውጫ አጥቶ ስለ ተጠራቀመ፣ ሐይቁ ተበክሎ ለመስኖ የማይረባ ሆነ። በኋላ በዚያው ግንብ ላይ 254 ሜጋዋት ኃይል ያለው ጣቢያ ተሠርቶ በ2011 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ባሕሩ በየቀኑ እየገባና እየወጣ ሐይቁን ያጥበው ጀመር፤ የውሃውም ጥራት ተሻሻለ። በራንስ ሕይወት ያለውን የውሃ አፍ የዘጋ ሥራ ጕዳት ሲያመጣ፣ በሲህዋ የተዘጋውን የከፈተ ሥራ ፈውስ አመጣ። መኪናው አንድ ዓይነት ሲሆን ፍርዱ የተለያየው በቦታው ምክንያት ነው። ስለዚህ የባሕር ኃይል ደግ ነው ወይም ክፉ ነው ብሎ በጅምላ መናገር፣ ዕቃውን ሳያዩ ዋጋ እንደ መቍረጥ ይቈጠራል።

ግድብ ሳይሠሩ ተርባይኑን በባሕር ወለል ላይ ተክሎ በወራጁ ውሃ ማዞርም ይቻላል። ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ፣ በዝግታ የሚሄድ ወራጅ እንኳ ብዙ ጉልበት አለው። በሰሜን አየርላንድ በስትራንግፎርድ በ2008 ዓ.ም. የተተከለው 1.2 ሜጋዋት ተርባይን በዚያ የሚኖሩት «ሲል» የተባሉት የባሕር እንስሳት እንዳይጐዱ፣ በቀረቡ ጊዜ እንዲቆም ተደርጎ ነበር፤ ለዓመታት በተደረገውም ጥናት ከባድ ጕዳት አልታየም። በስኮትላንድ ሰሜን በፔንትላንድ መተላለፊያ ደግሞ፣ ሥራው በአራት ተርባይኖች በ6 ሜጋዋት ተጀመረ። በትንሹ ጀምሮ እያዩ መጨመር ማለት ይህ ነው።

ከሞገድ ኃይል ለማውጣት የተደረገው ሙከራ ግን ገንዘብ ለሚያወጣ ሰው ማስጠንቀቂያ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. በፖርቱጋል ጠረፍ የተሠማሩት እያንዳንዳቸው 750 ኪሎዋት ያላቸው ሦስት መኪናዎች ጥቂት ወራት ብቻ ሠርተው ከባሕር ወጡ፤ የሠራቸውም ኩባንያ በ2014 ዓ.ም. በገንዘብ እጦት ወደቀ። ጨውና ማዕበል ብረትን ያለ ርኅራኄ ይበሉታልና።

አንዳንድ ሰዎች «የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ዘይት ጢስ ዓለምን እያሞቀ ሳለ፣ ስለ ጥቂት ዓሦች መጨነቅ ምን ይረባል?» ይላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ የጢሱ ጕዳት እውነት ነው፤ ለሁሉም ይደርሳል። ነገር ግን የወንዙ አፍ ጕዳት የሚደርሰው፣ ውል በሚፈረምበት ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር በሌለው ዓሣ አጥማጅ ላይ ነው። የሁሉ ጥቅም ስለ ሆነ ብቻ የአንዱን እንጀራ ያለ ካሣ መውሰድ ንግድም ፍርድም አይደለም። ከዚህም በቀር፣ የተናቀ ሒሳብ የአናፖሊስን መንገድ ተከትሎ ወደ ባለገንዘቡ ይመለሳል።

ይህ ነገር ወደብ ለሌላት ለኢትዮጵያ ምን ያገባታል ይባል ይሆናል። በጎረቤታችን በቀይ ባሕርም ቢሆን ሙላቱ በብዙ ስፍራ ከአንድ ሜትር አይበልጥም፤ ለግድብ አይበቃም። የሚያገባን ግን ሒሳቡ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 1,870 ሜጋዋት ኃይል ያለው ግልገል ጊቤ 3 የኦሞን ወንዝ ዓመታዊ ሙላት በለወጠ ጊዜ፣ ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥብ አፈር ላይ እያረሰ የሚኖረው የታችኛው ኦሞ ሕዝብ ኑሮም አብሮ ተለውጧል። ኃይሉ ለፋብሪካችን አስፈላጊ መሆኑን ማንም አይክድም፤ የገበሬው ኪሳራ ግን ከኃይሉ ዋጋ ውስጥ ተቈጥሮ መከፈል አለበት።

እንግዲህ በውሃ ኃይል ሥራ ገንዘቡን የሚያገባ ሰው ሁሉ አራት ነገሮችን ይጠይቅ። በቦታው የነበረው ሕይወት ከግንባታው በፊት ተቈጥሮ ተጽፏልን? ሥራው በትንሹ ተጀምሮ ውጤቱ እየታየ የሚሰፋ ነውን? ጕዳት ለሚደርስበት ሰው የተመደበ ገንዘብ አለን? መኪናው ሲያረጅ ለማንሣት የሚሆነውስ ወጪ ከአሁኑ ተቀምጧልን? ለነዚህ መልስ የሌለው ዕቅድ ትርፉ በወረቀት ላይ ምንም ያህል ቢያምር፣ ዕዳው ያልተቈጠረ ሱቅ ነው።

መጥኖ መደቆስ ድስት ከመጣድ ይቀድማል። ባሕር ቀጠሮውን እንደማያፈርስ ሁሉ፣ ሒሳቡንም አይረሳም።