በረኪና የበዛበት ወረቀት

ትምህርት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ የነበሩት እናት ሁለት ደብተር ገልጠው ጎን ለጎን ያዙ፤ አንዱ ዓይን የሚወጋ ነጭ፣ ሌላው ወደ ክሬም የሚያደላ። «ክሬሙ ተራ ነው እናቴ፤ ጥራት ከፈለጉ ነጩን ይውሰዱ» አላቸው ሻጩ። ዋጋ ጨምረው ነጩን ወሰዱ።

በሻጩ አልፈርድም። ወረቀትን በንጣቱ መመዘን የግዢ ኮሚቴውም፣ የአሳታሚውም፣ የማተሚያ ቤቱም ልማድ ነው። ልማዱ ግን የተሳሳተ ነው፤ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ደብተሩን አይቶት የማያውቅ፣ ከፋብሪካው በታች ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ነው።

ወረቀት በሚሠራበት እንጨት ውስጥ ሴሉሎስ የተባለው ክር አለ። ክሮቹን እንደ ሙጫ አጣብቆ የሚይዘው ሊግኒን ይባላል፤ ከእንጨቱ ክብደት ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህል ይሆናል። ፋብሪካው የተከተፈውን እንጨት በኮስቲክ ሶዳና በሶዲየም ሰልፋይድ ሲቀቅለው አብዛኛው ሊግኒን ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን ክሩን ሙጥኝ ይላል። ካኪ ፖስታን ካኪ ያደረገው ይኸው ቅሪት ነው፤ ቆሻሻ አይደለም።

ለብዙ ዘመን ቅሪቱ በክሎሪን ጋዝ ይነጣ ነበር። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከእነዚህ ፋብሪካዎች በታች በሚገኙ ወንዞች ዓሣ ውስጥ ካንሰር አምጪው ዳዮክሲን ተገኘ። ያኔም «ለመጽሔት የሚሆን ወረቀት ያለ ክሎሪን አይሠራም» ይባል ነበር። በ1991 (እ.ኤ.አ.) የአካባቢ ተሟጋቹ ድርጅት ግሪንፒስ በጀርመን የዴር ሽፒገልን መጽሔት መልክ አስመስሎ ክሎሪን ባልነካው ወረቀት አሳተመ፤ አይቻልም የተባለው በእጅ የሚገለጥ ሆነ። ዛሬ አብዛኛው ፋብሪካ ወደ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ተሸጋግሯል፤ ዳዮክሲኑም እጅግ ቀንሷል። ትልቅ እርምጃ ነው።

ችግሩ እዚያ ላይ መቆማችን ነው። ኬሚካሉን ቀየርን እንጂ የንጣት አምሮታችንን አልነካነውም። እንጨቱ የተቀቀለበት ጥቁር ውኃ ተንኖ ከወፈረ በኋላ በቦይለር ይቃጠላል፤ ኃይል ይሰጣል፣ ኬሚካሉም ተመልሶ ይገኛል። የክሎሪን ዳይኦክሳይዱ እጣቢ ግን ክሎራይድ ስላለበት ቦይለሩን ይበላል፤ ስለዚህ ተጣርቶ ወደ ወንዝ ይለቀቃል። ከማንጣቱ በፊት የተቀቀለው ክር (ፐልፑ) በኦክስጅን ቢታከም ከቀረው ሊግኒን ግማሽ ያህሉ ይወጣል፤ ያ እጣቢ ወደ ቦይለሩ መመለስ ይችላል። እንግዲህ የተሻለ ማንጣት ማለት በኦክስጅን ብዙ አውጥቶ፣ በሌላው ኬሚካል ጥቂት ነክቶ፣ በጊዜ ማቆም ነው።

በጊዜ ማቆም ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያው ንጣት በቀላሉ ይመጣል፤ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ነጥቦች ግን ብዙ ኬሚካል ይበላሉ፣ ክሩንም ይጎዳሉ። ነጠላ በበረኪና ያጠበ ሰው ይህን ያውቃል። አንድ ቀን ቢነክሩት ያበራል፤ በየሳምንቱ ቢነክሩት ይሳሳና በእጅ ይቀደዳል። ጥጥም ሴሉሎስ ነውና ነገሩ አንድ ነው።

ሰማያዊ እስኪመስል የሚያበራው የቢሮ ወረቀት ደግሞ በማንጣት ብቻ እንዲያ አልሆነም። የማይታየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ወደ ሰማያዊ የሚለውጥ ማድመቂያ ተጨምሮበታል፤ ፀሐይ ሲያገኘውም ይደክማል። ጥራት ብለን የምንከፍለው ለዚህ ማድመቂያ ነው።

ሊግኒን ያለበት ወረቀት ወደ ቢጫነት ይለወጣል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጋዜጣ ምስክር ነው። ለዘመናት የሚቀመጥ መዝገብ ሊግኒኑ ሊወጣለት ይገባል። ሊግኒን ማውጣትና በረዶ እስኪመስል ማንጣት ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ደግሞስ በዓመቱ የሚያልቅ ደብተር፣ ተጠርጎበት የሚጣል ሶፍት ለማን ብሎ ይነጣል? አባቶቻችን በጥቁርና በቀይ ቀለም የጻፉበት ብራና በረዶ አልነበረም፤ ዛሬም ይነበባል።

ፋብሪካው የሚያነጣው ገዢ ስለጠየቀው ነው። ስለዚህ ለውጡ ከጨረታ ሰነዱ ይጀምር። መጽሐፍና ደብተር የምታሳትሙ ሁሉ፣ የንጣት ቁጥሩን ዝቅ አድርጉ፤ በምትኩ ወረቀቱ በምን እንደነጣ ጠይቁ። የእኚያ እናት ልጅ የሚጽፈው በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው፤ በክሬሙ ደብተር ላይም ሰማያዊው ሰማያዊ ሆኖ ይነበባል።