አጥሩን የነቀነቁት የቀድሞ ከንቲባ

አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። እኔ ይህን ብሂል ደጋግሜ ያስታወስሁት በምኖርበት በካናዳዋ የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ነው። የሚያሳዝነው፣ አጥር ነቅናቂው ባዕድ አልነበሩም።

ሚስተር ስቲቭ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1982 የብሮክቪል ከተማ ከንቲባ ሆነው ሲመረጡ የ22 ዓመት ወጣት ነበሩ። በ2018 የክፍለ ግዛቲቱ የማዘጋጃ ቤት ጉዳዮችና የቤቶች ሚኒስትር ሲሆኑ፣ ከተሞች ጠበቃ አገኙ ብሎ ተስፋ ማድረግ የዋህነት አልነበረም። ነገር ግን ሳይውል ሳያድር፣ በዚያው ዓመት ኦገስት፣ ለቶሮንቶ ምክር ቤት 47 መቀመጫዎች የታቀደውን ምርጫ ወደ 25 የሚያወርድ ሕግ ወጣ። ያውም ዕጩዎች ተመዝግበው፣ ቅስቀሳው ከተጀመረ በኋላ! ዛሬ በቶሮንቶ አንድ ተመራጭ በአማካይ ከ100,000 የሚበልጡ ነዋሪዎችን ይወክላል። ስለ መንገዱና ስለ አውቶቡሱ አቤት የምንለው ለዚሁ ሰው ነው።

ድርጊቱ ሕገ ወጥ ነበርን? አልነበረም፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የ1867ቱ ሕገ መንግሥት ማዘጋጃ ቤቶችን ከክፍለ ግዛቶች ሥልጣን ሥር ያደርጋቸዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2021 በ5 ለ4 ድምፅ ሕጉን አጽንቶታል። በ2022 ደግሞ የቶሮንቶና የኦታዋ ከንቲባዎች፣ ለክፍለ ግዛቲቱ ዓላማ እስከጠቀመ ድረስ፣ ከምክር ቤቱ ከሲሶ በጥቂቱ በሚበልጥ ድጋፍ ደንብ እንዲያጸድቁ ተፈቀደ። አብላጫ ድምፅ የዴሞክራሲ ሀሁ ነው ብዬ ሳስተምር የኖርሁ ሰው፣ ሲሶ ግማሽን የሚያሸንፍበትን አዲስ ሒሳብ ለመማር በቃሁ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በ2005 ለእርሻና ለተፈጥሮ ከተከለለው «ግሪንቤልት» ወደ 7,400 ኤከር የሚጠጋ መሬት ለግንባታ ተቆርሶ ወጣ። የቤት ችግሩ እውነት ነው፤ ሆኖም መንግሥቱ ራሱ ያቋቋመው ግብረ ኃይል የችግሩ መንስኤ የመሬት እጥረት እንዳልሆነ አስቀድሞ ጽፎ ነበር። በ2023 ዋና ኦዲተሯ የመሬቱ ዋጋ ከ8.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊጨምር እንደሚችል አስታወቁ። የሥነ ምግባር ኮሚሽነሩ ደግሞ ሚኒስትሩ የጽሕፈት ቤት ኃላፊያቸውን በአግባቡ ባለመቆጣጠር ሕግ መጣሳቸውን ደመደሙ። ሚኒስትሩ መሬቶቹ እንዴት እንደተመረጡ አላወቅሁም ነበር ብለዋል። ሹም የተሾመው እንዲያውቅ አይደለምን?

ሚስተር ክላርክ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2023 ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ከሕዝብ ቁጣ በኋላ መሬቱም ወደ ክልሉ ተመለሰ። እርሳቸው ግን በ2024 በምክር ቤቱ የመንግሥት ተጠሪ ሆነው ብቅ አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን የአንድ ሰው ጥፋት ብቻ አድርጎ ማየት ራስን ማታለል ነው። የከተማን ችግር ከውስጥ የሚያውቅ ሰው እንኳ ወንበሩ ሲለወጥ እንዲህ ከሆነ፣ ጉድለቱ ልጓም ባጣው ሥልጣን ላይ ነው። የነዋሪው ባለቤትነት በሕገ መንግሥት እስካልጸና ድረስ፣ መጪውም ሹም አጥሩን መነቅነቁ አይቀርም።